አባይ በረሃን በሦስት ደቂቃ

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? የጎጃም ሰው መልሱን አብጠርጥሮ ያውቀዋል፤ ሦስት መቶ። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ለትምህርት የሚመላለሰው ተማሪም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አልተሳሳቱም። ሦስት መቶ ግን የአስፋልቱ ርዝመት ነው። ከቦሌ ተነስቶ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይል የሚበር አውሮፕላን ደብረ ማርቆስ ለመድረስ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በመሬት የሚጓዘው መንገደኛ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጨማሪ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ ጭማሪ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው አባይ በረሃ ላይ ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከጎሃ ጽዮን ደጀን ያለው ጠመዝማዛ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀጥታ ቢለካ ደግሞ ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በረሃው የጨመረው እንግዲህ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ትልቁ ጭማሪ ያለው ማንም ልብ በማይለው በሰላሌ ደጋ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጎሃ ጽዮን በመኪና 186 ኪሎ ሜትር ሲሆን የአየሩ መስመር ግን ከ130 ብዙም አያልፍም። ምክንያቱ ካርታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በምዕራብ በኩል የሙገር ሸለቆ፣ በምሥራቅ በኩል የጀማ ገደሎች ደጋውን ከሁለት ወገን ገዝግዘውታል። መንገዱ በመሀላቸው የቀረውን ከፍታ እየተከተለ በጫንጮ፣ በፍቼና በገብረ ጉራቻ በኩል ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም። ከደጀን በሉማሜ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ለመግባት የሚቀረው 70 ኪሎ ሜትርም በቀጥታ ሃምሳ ገደማ ነው።

ኪሎ ሜትሩን የበላው ሰላሌ ነው፤ ሰዓቱን የሚበላው ግን በረሃው ነው።

ጎሃ ጽዮን ላይ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ የተነሳው መንገደኛ ጋቢውን እንደተከናነበ ነው። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሾፌሩ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ ፍሬኑን ብቻ አምኖ የሚወርድ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊለው ይችላል። ጆሮ ይደፈናል። ከመንገዱ ዳር ዝንጀሮዎች ተደርድረው ከመስኮት የሚወረወር ነገር ይጠብቃሉ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ ጋቢው ይታጠፋል፣ ጃኬቱ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል፤ ድልድዩ ጋ ሲደረስ ቆላው ፊት ላይ ይነፍሳል። ከዚያ ያንኑ ያህል ዳገት አለ። ከፊት የተጫነ ከባድ መኪና ካለ ደግሞ ከኋላው ተሰልፎ ማዝገም ነው። ይህ ሁሉ መንገዱ ደኅና ሲሆን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ ደኅና አይደለም። የሸለቆው ግድግዳ ከላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ደግሞ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና የአሸዋ ድንጋይ በየንብርብሩ የተደራረበበት ነው። ከንብርብሮቹ አንዱ በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ የሚጠራው በዚያችው በጎሃ ጽዮን ስም ነው። ዝናብ ሲጠጣ የሚለሰልሰው ክፍል የላይኛውን ተሸክሞ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም አብሮ ይሰምጣል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። መንገዱን በእርዳታ ያደሰችው ጃፓን ከኢትዮጵያ ሥነ ምድር ባለሙያዎች ጋር ሆና የመሬት መንሸራተቱን በልዩ ጥናት እስከመከታተል የደረሰችው ለዚህ ነው። አሮጌውን ድልድይ የተካው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይም የተሠራው በጃፓን ድጋፍ፣ በካጂማ ኩባንያ ነው። በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የተመረቀው ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም፣ በሚሌኒየሙ ዓመት የመጨረሻ ቀን ነበር።

ያንኑ ሸለቆ በሰዓት 450 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

የአየር ርቀት እንዴት እንደሚሰላ ለማወቅ ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ በእርሳስ ሊሠራው ይችላል። ቦሌ የሚገኘው 8.98 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና 38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ደግሞ 10.34 ሰሜንና 37.72 ምሥራቅ ላይ ናት። በሰሜን አቅጣጫ ያለው ልዩነት 1.36 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 151 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በምዕራብ አቅጣጫ ያለው ልዩነት 1.08 ዲግሪ ነው፤ የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ እኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ከ110 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያንሳል፤ ይህም 118 ይሰጣል። ሁለቱን ቁጥሮች የአንድ ቀጤ ነክ ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች አድርጎ በፓይታጎረስ ስሌት ሦስተኛውን ጎን መፈለግ ነው፤ 191 ኪሎ ሜትር ከምናምን። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ የባሕር ማይል ነው። አንዱ 1,852 ሜትር ስለሆነ ርቀቱ በእነሱ ቋንቋ 103 ማይል ይባላል።

ለረጅም ርቀት ይህ አቋራጭ ስሌት አይበቃም። ምድር ክብ ናትና ከአህጉር ወደ አህጉር የሚበር አውሮፕላን የሚከተለው በሉሉ ገጽ ላይ ክር ቢወጠር የሚያልፍበትን መስመር ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ያ መስመር ቆልመም ብሎ ስለሚታይ «ለምን ዞረው ይሄዳሉ?» ያሰኛል፤ ዙሩ የካርታው ነው፣ መንገዱ ግን ከሁሉም አጭሩ ነው።

የዓለም አጭሩና ረጅሙ መደበኛ በረራ ሁለቱም በደሴቶች መካከል መሆናቸው የሚያስገርም ነው። አጭሩ በሰሜን ስኮትላንድ፣ ኦርክኒ በሚባሉት ደሴቶች፣ በዌስትሬይና በፓፓ ዌስትሬይ መካከል ነው። ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር፣ በሰሌዳው ላይ የተመዘገበለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ፤ ንፋሱ ከረዳ በ53 ሰከንድ የተጠናቀቀበት ጊዜ አለ። ትንሿ የሎጋንኤር አውሮፕላን እንደ ታክሲ ትመላለሳለች፤ አስተማሪውም ሐኪሙም ይሳፈሩባታል። ረጅሙ የሲንጋፖር አየር መንገድ ከሲንጋፖር ደሴት ተነስቶ ኒው ዮርክ የሚያርፍበት ነው፤ የኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያም ያለው በሎንግ ደሴት ላይ ነው። ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ይህን ጉዞ ለመጨረስ አሥራ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ይሄዳል።

ኦርክኒ የተጠቀሰችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዎቹ በአውሮፕላን የሚሻገሩት ርቀቱ ስለበዛባቸው አይደለም፤ ውሃው ስለከለከላቸው ነው። በካርታ ላይ ጎጃምን የሚያይ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ያያል። አባይ ከጣና ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በኋላም ወደ ምዕራብ እየዞረ አገሩን በሦስት ወገን ከቦታል። ድልድይና አስፋልት ባልነበረበት ዘመን ክረምት ከገባ፣ አባይም ከሞላ በኋላ ወደ ሸዋ፣ ወደ ወለጋና ወደ ወሎ መሻገር ሕይወትን አስይዞ መጫወት ነበር፤ የሚችል ሰው እስኪጎድል ይጠብቃል። ጎጃም ባሕር የሌላት ደሴት ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር፣ እንዳቤት በሚያሻግረው ቦታ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የ17ኛው መቶ ዘመን ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሀሉ ፈርሶ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ገበያተኛው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ባሉ ጎልማሶች እየተጎተተ ነበር። በወዲያኛው ማዶ ያለ ሰው ድምፁ ይሰማል፣ ፊቱ ይለያል፤ በገመዱ ያልደፈረ ግን እሱ ዘንድ ለመድረስ ቀናት የሚወስድ ዙር መሄድ ነበረበት። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ለእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት እስከማቋቋም ደረሰ። ድርጅቱ የጠገነውን ክፍል ጎርፍ ደግሞ ወሰደው፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2009 ከቀድሞው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። የቀናቱ ዙር በደቂቃዎች ተተካ፤ በመሀሉ ያለው ርቀት ግን አንድ ክንድ እንኳ አልቀነሰም።

በጦርነት ጊዜም የጎጃምና የሸዋ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኩል ገብተው ደብረ ማርቆስ የደረሱት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ነው፤ በዚያው ቀን የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመሀሉ አንድ ወር አለፈ። ወሩን ያስረዘመው ገደሉ ብቻ አልነበረም፤ እንግሊዞች በከተማዋ ስላሉት ብዙ ሺህ ጣሊያናውያን ስለሰጉ ንጉሡ ቶሎ እንዲገቡ አልፈለጉም።

ከነጻነት በኋላ አገሪቱን በፍጥነት ያገናኘው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ተመሠረተ፤ በመጋቢት 30 ቀን ደግሞ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከጦርነቱ የተረፉት ዳኮታዎች ጥርጊያ ሜዳ ላይ ማረፍ የሚችሉ ጠንካራ አውሮፕላኖች ስለነበሩ ገጠሩን ለመድረስ ተመቹ። ደብረ ማርቆስም ከእነዚያ የአገር ውስጥ መዳረሻዎች አንዷ ነበረች። ዳኮታ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ስለነበር 190 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። በበቅሎ ቀናት ለፈጀበት ትውልድ ይህ ተአምር ነበር።

ዛሬ በአገር ውስጥ መስመር የሚያገለግለው ኪው 400 በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። ታዲያ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ ርቀት፣ የጊዜ ሰሌዳው ለምን አንድ ሰዓት ያህል ይይዛል? አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበረው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ነው። ሰሌዳው የሚቆጥረው በሩ ተዘግቶ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ጀምሮ፣ በመዳረሻው እስኪቆም ድረስ ያለውን ሁሉ ነው። ወደ መንደርደሪያው መሄጃ አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ፣ ወደ ላይ መውጣት አለ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀመራል። አጭር በረራ ላይ እነዚህ ወጪዎች ከጠቅላላው ጊዜ ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ። በዚህ መለኪያ ለደብረ ማርቆስ በረራ አየር ላይ ግማሽ ሰዓት፣ በጠቅላላው ደግሞ ሦስት ሩብ ሰዓት ቢታሰብ ልክ ይሆናል። ፍጥነቱ ከዳኮታ ከእጥፍ በላይ አድጎ የተሳፋሪው ሰዓት ብዙም አለመለወጡ ለዚህ ነው።

የደጋው ከፍታም የራሱ ሕግ አለው። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ናት፤ ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚሸከመው አየር ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት በመሬት ላይ ፍጥነቱን ከአሥር በመቶ በላይ ጨምሮ መሮጥ አለበት፤ ሞተሩም በዚያው አየር ስለሚተነፍስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚበቃ መንደርደሪያ ደጋ ላይ ያጥራል፤ ወይ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ወይ ጭነቱ ይቀንሳል።

የዚህን ዋጋ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሳያውቁት ከፍለውታል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተን ሲመጡ አውሮፕላኑ ሳያርፍ በአሥራ ሦስት ሰዓት አካባቢ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሲሄዱ ግን ለዓመታት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች ነዳጅ ለመሙላት ማረፍ ነበረበት። በቦሌ ስስ አየር ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሳት ያስቸግራል፤ በላዩ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ንፋሱ ከፊት ይገፋል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ለታቀደው ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከተጠቀሱት ጥቅሞች አንዱም የቦታው ዝቅ ማለት ነው።

ወደ ጎጃም እንመለስ። የዳኮታው ዘመን ካለፈ በኋላ ደብረ ማርቆስ ለአሥርት ዓመታት መደበኛ በረራ አጥታ ቆየች። በእነዚያ ዓመታት አንድ የከተማዋ ነዋሪ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ልሂድ ቢል መጀመሪያ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር መሄድ ነበረበት። ይህ 265 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ከአዲስ አበባ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አራት ሰዓት ያህል በመኪና፣ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት፣ አንድ ሰዓት በረራ፤ ሲደመር ሰባት ሰዓት ይሆናል። በአውቶቡስ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ለመግባት ግን አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይበቃል። ስለዚህ አውሮፕላኑ እያለ አውቶቡሱ ይቀድማል። ለዚህ ነው ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራልን እያለ ለዓመታት የጠየቀው፤ ለከተማዋ የአዲስ ማረፊያ ግንባታ መጀመሩም በጉጉት የተጠበቀው።

ጥያቄው የምቾት ብቻ እንዳልሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ የጎጃም መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። በሰላሌ በኩል መንገደኞች ከአውቶቡስ እየወረዱ ታግተዋል፤ በ2016 ዓ.ም ሰኔ ማብቂያ ገብረ ጉራቻ አካባቢ የታገቱት የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉዳይ የአገር ሐዘን ነበር። አየሩም አልተረፈም፤ ነሐሴ 2015 ዓ.ም ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረገው በረራ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። መንገዱ በተዘጋ ቀን የስድስት ሰዓቱ ጉዞ ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ አባት ስልኩን ይዞ የሚያድርበትን ሌሊት ደግሞ የትኛውም የጉዞ ሰሌዳ አይመዘግበውም።

ከሁሉ በላይ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሕመምተኛ ላይ ነው። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሊታከም ያልቻለ ሰው ሪፈር የሚጻፍለት ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አምቡላንስ የሚያልፈው በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው ዳገት፣ ከዚያው ከባድ መኪና ኋላ ነው። ለሚደማ ሰው በስድስት ሰዓትና በሦስት ሩብ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ሕይወቱ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ዋጋ የሚሰላው በትኬት ገቢ ብቻ ከሆነ ይህ ሰው ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ትክክል አይደለም።

የጂኦግራፊው ሒሳብ ለከተማዋ የሚያዳላበት አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 191 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በአየር 147 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድምሩ 338። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ባሕር ዳር ደግሞ 333 ነው። ደብረ ማርቆስ የተቀመጠችው በመስመሩ ላይ ነው ለማለት ምንም አይቀራትም፤ ባሕር ዳር የሚሄድ አውሮፕላን እሷ ጋ አርፎ ቢሄድ የሚጨምረው ርቀት አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ማረፉ፣ ተሳፋሪ ማውረድና መጫኑ፣ እንደገና መነሳቱ ግን ጊዜና ነዳጅ ይጠይቃል፤ ደጋ ላይ ሙሉ ጭኖ መነሳቱም በቂ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ሁለቱን ከተሞች አዳርሶ ይመለስ ወይስ ለየብቻ ይመደብላቸው የሚለውን የሚወስነው በቀን የሚገኘው ተሳፋሪ ብዛት ነው። በዩኒቨርሲቲው፣ በንግዱ፣ በሕክምናውና ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ በሚመጣው ሰው ምክንያት በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መካከል የሚመላለሰው ሕዝብ ጥቂት አይደለም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚመጣ በረራ ከሆነ ግን ድንገት የተነሳ መንገደኛ ቀኑን ከመጠበቅ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ መነኻሪያ መገኘትን ይመርጣል።